የማዕድን ዝቃጭ ዕዳና የመንግሥት አደራ

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ በኩል ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ የተቀመጠችው ውጫሌ፣ ዐፄ ምኒልክ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ መንግሥት ጋር የተዋዋሉባት ስፍራ በመሆኗ፣ ስሟ የአምባሰልን ተራሮች ተሻግሮ በዓለም የታሪክ መጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህም መንግሥት በአንዲት ቀን በወረቀት ላይ የሚያኖራት ፊርማ የፈራሚዎቹን ዕድሜ አልፋ በልጅና በልጅ ልጅ ላይ እንደምትሠራ ለውጫሌ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በዚህ ጽሑፍ የማነሣውም ጉዳይ ከዚሁ ከፊርማ ኃላፊነት የሚመነጭ ነው። መንግሥት ምድርን ለቁፋሮ በፈቀደ ጊዜ፣ ቆፋሪው ሀብቱን ወስዶ ከሄደ በኋላ በስፍራው የሚቀረውን ትራፊ፣ በተለይም ጨረራ የሚያመነጨውን የማዕድን ዝቃጭ ለማጽዳት የሚያስፈልገው ገንዘብ ከማን ኪስ ሊወጣ ይገባል?

ጨረራ በዓይን የማይታይ፣ በጆሮ የማይሰማ፣ በአፍንጫም የማይሸተት ኃይል ሲሆን፣ እንደ ዩራኒየምና ቶሪየም ያሉት ከባድ ንጥረ ነገሮች ከባሕርያቸው የተነሣ ቀስ በቀስ እየፈረሱ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር በሚለወጡበት ጊዜ የሚወጣ ነው። እነዚህ ንጥረ ነገሮች በመጠኑ በየአለቱና በየአፈሩ ይገኛሉ፤ የሰው ልጅም ከአዳም ጀምሮ በዚህ መጠን መካከል ሲኖር ቆይቷል። ነገሩ የሚከፋው ሰው አለቱን ከምድር ጥልቅ አውጥቶ፣ ፈጭቶና በአሲድ አጥቦ፣ የሚፈልገውን ከወሰደ በኋላ የቀረውን በአንድ ስፍራ በከመረው ጊዜ ነው። ይህ ሥራ በአውድማ ላይ ከሚሆነው ጋር ይመሳሰላል፤ ፍሬው ጥቂት፣ ገለባው ብዙ ነው። የአውድማው ገለባ ግን ለከብት መኖ ይሆናል፤ የዩራኒየም ዝቃጭ በመጀመሪያው አለት ውስጥ ከነበረው ጨረራ ከመቶ 85 እጅ የሚያህለውን ይዞ ይቀራል። የሚወሰደው ዩራኒየሙ ብቻ ሲሆን፣ ከእርሱ የተወለዱት ቶሪየም 230 እና ራዲየም 226 በዝቃጩ ውስጥ ይኖራሉና። ከራዲየም ደግሞ ሬዶን የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ ይህም ጋዝ በተዘጋ ቤት ወይም በጉድጓድ ውስጥ ሲጠራቀምና ሰው ለብዙ ጊዜ ሲተነፍሰው የሳንባ ካንሰር ያመጣል። ክምሩ ሳይሸፈን ከተተወ፣ በበጋ ነፋስ አቧራውን፣ በክረምት ጎርፍ ጭቃውን እየወሰዱ ወደ እርሻና ወደ ምንጭ ያደርሱታል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ኅሊናን የሚያስጨንቀው የዘመኑ ርዝመት ነው። ራዲየም 226 እኩሌታው እስኪጠፋ 1,600 ዓመት ይፈልጋል፤ እርሱን ያለማቋረጥ የሚወልደው ቶሪየም 230 ግን እኩሌታው የሚጠፋው በ75,000 ዓመት ያህል ነው። ከውጫሌ ብዙ ሳይርቅ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ደቀ መዛሙርትን ሰብስበው ያስተምሩ በነበረበት ዘመን፣ በዚያ አካባቢ እንዲህ ያለ ዝቃጭ ተከምሮ ቢሆን ኖሮ፣ ነገሥታት ተፈራርቀው፣ ከተሞች ተቆርቁረውና ፈርሰው፣ ቋንቋውም ሥርዓቱም ተለዋውጦ እኛ እስከ ደረስንበት ቀን ድረስ፣ ከዚያ ቶሪየም ከመቶ አንድ እጅ እንኳ ባልጎደለ ነበር። በአንጻሩ የአንድ ማዕድን ማውጫ ዕድሜ በአብዛኛው በጥቂት አሥርት ዓመታት የሚቈጠር ነው። ዕዳው ከባለ ዕዳው ይህን ያህል በሚረዝምበት ነገር፣ የመጨረሻው ተጠያቂ ከመንግሥት በቀር ሌላ ሊሆን አይችልም።

ይህን ስል መንግሥት ዋጋውን ከግምጃ ቤቱ እያወጣ ይክፈል ማለቴ አይደለም። ግምጃ ቤት የሚሞላው ከገበሬው ግብርና ከነጋዴው ቀረጥ ስለ ሆነ፣ ከማዕድኑ አንዲት ሳንቲም ያላገኘው ሰው የማጽጃውን ዋጋ እንዲከፍል ማድረግ ከፍትሕ ጋር አይስማማም። የመንግሥት ኃላፊነት በመጀመሪያ ዋጋውን ገና ጉድጓዱ ሳይከፈት ከቆፋሪው አስልቶ መቀበልና በማይነካ ስፍራ ማስቀመጥ ነው። ይህን ሳያደርግ ከቀረ ግን፣ በዚያ ምድር ላይ ለሚኖረው ሕዝብ ያለ ማመካኛና ያለ ቀጠሮ ራሱ መክፈል አለበት፤ ቸልታው የራሱ ነውና።

ዓለም ይህን ትምህርት በብዙ ገንዘብ ገዝቶታል። በአሜሪካ በዩታ ግዛት፣ ሞአብ በምትባል ከተማ አጠገብ በኮሎራዶ ወንዝ ዳር 16 ሚሊዮን ቶን የሚያህል የዩራኒየም ዝቃጭ ተከምሮ ነበር። ዝቃጩ የወጣበት የዩራኒየም መፍጫ ፋብሪካ ባለቤት የነበረው አትላስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ኪሳራ ላይ መውደቁን ለፍርድ ቤት አስታወቀ፤ ለማጽጃ ብሎ ያስያዘው ዋስትናም ሥራው ከሚጠይቀው ጋር ሲመዛዘን እጅግ ኢምንት ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ክምሩ እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ ፌዴራሉ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ተዛወረ፤ ይህም መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ዝቃጩን በባቡር እየጫነ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ራቀ ደረቅ ስፍራ ማጓጓዝ ያዘ። የሥራው ግምት ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን፣ ከፋዩ የአሜሪካ ግብር ከፋይ ነው። ያ ኩባንያ በሠራባቸው ዓመታት የማጽጃውን ዋጋ በየዓመቱ ከትርፉ ላይ እንዲያስቀምጥ ተገዶ ቢሆን ኖሮ፣ ወይ ገንዘቡ ይገኝ ነበር፣ ወይ ደግሞ ሥራው ከመጀመሪያው የማያዋጣ መሆኑ ይገለጥ ነበር።

በዚያው አገር ናቫሆ የሚባለው ነባር ሕዝብ የደረሰበት ነገር ከዚህ ይበልጥ ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1986 ድረስ ከናቫሆ ምድር ሠላሳ ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ የዩራኒየም ማዕድን ተቆፍሯል። ለረጅም ዘመን የማዕድኑ ብቸኛ ገዢ፣ ለአቶሚክ ቦምብ ይፈልገው የነበረው የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ነበር። ቁፋሮው ባበቃ ጊዜ ከ500 በላይ የተተዉ ጉድጓዶች ቀሩ፤ ሰዎችም የጉድጓዱን ድንጋይ ምንነቱን ሳያውቁ ለቤት መሥሪያ ወሰዱት፤ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው የሠሩ ብዙ ወንዶችም በሳንባ በሽታ አለቁ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 16 ቀን 1979 ቸርች ሮክ በምትባል ስፍራ የዝቃጭ ግድብ ተሰብሮ 94 ሚሊዮን ጋሎን የሚሆን አሲድና ጨረራ ያለበት ፈሳሽ ወደ ፑዌርኮ ወንዝ ገባ፤ ከዚያ ወንዝ ከብት የሚያጠጡ እረኞች በአብዛኛው ድሆች ነበሩ። መንግሥት ገዢም ፈቃድ ሰጪም ተቆጣጣሪም በሆነበት ስፍራ፣ ጉዳዩ የኩባንያዎች ብቻ ነው ሊል ከቶ አይችልም። በእርግጥም የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ሕግ የተተዉ የዩራኒየም መፍጫዎችን ዝቃጭ ለማጽዳት ከሚወጣው ገንዘብ ከመቶ ዘጠናውን የፌዴራሉ መንግሥት፣ ዐሥሩን ግዛቶች እንዲከፍሉ፣ በነባር ሕዝቦች መሬት ላይ ግን የፌዴራሉ መንግሥት ሙሉውን እንዲችል ደነገገ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ ለተጎዱት ሠራተኞች ካሣ የሚሰጥ ሕግ አወጣ።

ኩባንያዎችም ከዕዳ የሚሸሹበት ብልሃት እንዳላቸው አንባቢ ይወቅ። ኬር-መጊ የተባለው ኩባንያ የቆየ የብክለት ዕዳውን ትሮኖክስ ለሚባል አዲስ ለተፈጠረ ድርጅት አሸክሞ ጥሩ ጥሩውን ሀብት ለብቻው ለየ፤ ትሮኖክስም ብዙ ሳይቆይ ከሰረ። የአሜሪካ መንግሥት ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ወስዶ ስለ ተከራከረ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ኬር-መጊን የጠቀለለው ኩባንያ 5.15 ቢሊዮን ዶላር እንዲከፍል ከስምምነት ተደረሰ፤ ከዚህም አንድ ቢሊዮን የሚጠጋው በናቫሆ ምድር ለሚገኙ ሃምሳ ያህል ጉድጓዶች ማጽጃ ተመደበ። እንዲህ ያለ ክርክር ለማካሄድ ግን ጽኑ ፍርድ ቤት፣ የተማሩ ጠበቆችና የዓመታት ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ይህ ሁሉ የሌለው አገር አስቀድሞ ካልተጠነቀቀ በኋላ ደርሶ የሚያገኘው የለም።

መንግሥት ዕዳውን ሳያንገራግር ሲሸከም ምን እንደሚሆን ያሳየችው ጀርመን ናት። በምሥራቅ ጀርመን ቪስሙት በሚባል ስም የተቋቋመው ድርጅት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ ለሶቪየት ኅብረት የሚሆን ከ200,000 ቶን በላይ ዩራኒየም ከሳክሶኒና ከቱሪንጂያ ምድር አውጥቷል። ሁለቱ ጀርመኖች በተዋሐዱ ጊዜ አዲሱ የፌዴራል መንግሥት «ይህ የኮሚኒስቶች ሥራ ነው፤ እኔ ምን አገባኝ» ለማለት ይችል ነበር፤ ግን አላለም። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣ ልዩ ሕግ ድርጅቱን በሙሉ ከነዕዳው ተረክቦ፣ ለማጽጃ 13 ቢሊዮን የጀርመን ማርክ እንደሚያስፈልግ ገምቶ ሥራውን ጀመረ። ጉድጓዶቹ በውኃ እንዲሞሉ ተደረገ፤ በሮኔቡርግ ከተማ አጠገብ የነበረው ጥልቅ ገደል ከየስፍራው በተሰበሰበው የአለት ክምር ተደፈነ፤ የዝቃጭ ኩሬዎች በሸክላ አፈርና በድንጋይ ተሸፈኑ። እ.ኤ.አ. በ2007 የጀርመን አገር አቀፍ የአበባና የአትክልት ትርኢት በዚያው በሮኔቡርግና በጌራ ተደረገ። ይህ ሁሉ ሆኖም ሥራው አላለቀም፤ ከጉድጓዶቹ የሚወጣው ውኃ ዛሬም እየተጣራ ነው፤ ለብዙ ዘመንም ይጣራል፤ ወጪውም ከስድስት ቢሊዮን ዩሮ አልፏል። የተተካ መንግሥት የቀደመውን መንግሥት ሀብት ሲወርስ ዕዳውንም መውረሱ የሕግም የእግዚአብሔርም ሥርዓት ነው ብዬ አምናለሁ፤ መንግሥታት በተደጋጋሚ የተለዋወጡብን እኛ ደግሞ ይህን ምሳሌ በጥሞና ልናየው ይገባል።

የካናዳው ነገር ለፌዴራል አገር ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በሰሜን ሳስካቸዋን በአታባስካ ሐይቅ ዳር የነበረው የጋናር ዩራኒየም ማውጫ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ሲዘጋ ዝቃጩ እንዲሁ ተትቶ ቀረ፤ ኩባንያውም ጠፋ። የፌዴራሉና የክፍለ ግዛቱ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2006 የማጽጃውን ወጪ እኩል ለመካፈል ሲስማሙ ግምቱ 24.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በኋላ ግን ግምቱ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ በመናሩ፣ ክፍለ ግዛቱ የፌዴራሉን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2018 ከሰሰው። ሁለቱ መንግሥታት በፍርድ ቤት ሲካሰሱ ዝናቡ በዝቃጩ ላይ ይዘንብ ነበር።

በአፍሪካም ኒጀር ውስጥ የአኩታ ዩራኒየም ማውጫ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 31 ቀን 2021 ሲዘጋ 20 ሚሊዮን ቶን የሚያህል ዝቃጭ ከአርሊት ከተማ አጠገብ ቀርቷል፤ ከማውጫው ባለድርሻዎች አንዱ የኒጀር መንግሥት ራሱ ነበር። ይህን የመሰለውን ነገር አስቀድሞ በማሰብ፣ ስለ ራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ አያያዝ እ.ኤ.አ. በ1997 በቪየና የጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ቀዳሚው ኃላፊ ፈቃድ የተሰጠው ሰው እንደ ሆነ፣ እርሱ ከታጣ ግን ኃላፊነቱ ቆሻሻው ባለበት መንግሥት ላይ እንደሚወድቅ በግልጽ አስፍሯል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትም የተፈጥሮ ሀብትም የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ በአንቀጽ 44 ደግሞ ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። እነዚህን ሁለት አንቀጾች ጎን ለጎን አድርጎ ያነበበ ሰው መልሱን ከዚያው ያገኘዋል፤ የማዕድኑ ባለቤት መንግሥት ከሆነ የማዕድኑም ትራፊ ባለቤት መንግሥት ነው፤ በጥቅሙ ጊዜ ባለ ርስት፣ በጉዳቱ ጊዜ ባዕድ መሆን አይቻልም። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለፈቃዱ በሥራው የሚጎዳውን አካባቢ መልሶ ለማቋቋም ገንዘብ እንዲመድብ ያዝዛል፤ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995፣ እንዲሁም በኋላ በሌላ አዋጅ የተተካው የጨረራ መከላከያ አዋጅ ቁጥር 571/2000 ወጥተዋል። ስለዚህ ሕግ የለንም ማለት አይቻልም። የሚቀረው በኩባንያ መዝገብ ላይ የተጻፈ ገንዘብ በባንክ ከተቀመጠ ገንዘብ ጋር አንድ አለመሆኑን አውቆ፣ በጥሬው ተቆጥሮ በመንግሥትና በሕዝብ ቁጥጥር ሥር እንዲውል ማድረግ ነው። አትላስም ዋስትና ነበረው፤ ግን አልበቃም።

የጨረራው ነገር በአገራችን ግምትና ስጋት ብቻ እንዳልሆነ የሚያስረዳው በጉጂ ዞን የሚገኘው የቀንጢቻ ታንታለም ማውጫ ነው። ታንታለም ለተንቀሳቃሽ ስልክና ለኮምፒዩተር ረቂቅ ክፍሎች መሥሪያ የሚፈለግ፣ ዋጋው ከፍ ያለ ብረት ነው፤ ነገር ግን ታንታለም የሚገኝበት ማዕድን ዩራኒየምና ቶሪየም በውስጡ ይዞ መውጣቱ የተለመደ ነው። ይህን ማውጫ ለብዙ ዓመታት ያሠራው የመንግሥት ድርጅት ነበር። የተጣራው ማዕድን በውስጡ ያለው ዩራኒየምና ቶሪየም ለማጓጓዣ ከተፈቀደው ወሰን በላይ በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 አካባቢ የወጪ ንግዱ ተሰናከለ፤ ከዚያ ወዲህ ማውጫው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቷል። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ቤክሬል በሚባለው የጨረራ መለኪያ በአንድ ግራም ከ10 በላይ ጨረራ ያለው ማዕድን በመርከብና በመኪና ሲጫን እንደ አደገኛ ዕቃ ተቆጥሮ ልዩ ጥንቃቄ ይደረግለታል፤ የውጭ አገር ወደብ ሠራተኛ እንዲህ የሚጠበቅ ከሆነ፣ ማዕድኑን ቆፍሮ ያወጣው የጉጂ ሰው፣ በዝቃጩ አጠገብ ከብቱን የሚያግድ ልጅም በዚያው ሚዛን ሊጠበቅ ይገባዋል። እዚህ ላይ ቆፋሪውም ተቆጣጣሪውም መንግሥት ስለ ነበረ፣ በዚያ ዘመን የተከመረው ሁሉ ተለክቶ ውጤቱ ለአካባቢው ሕዝብ በቋንቋው እንዲነገርና ጽዳት የሚያሻው እንዲጸዳ ማድረግ በፌዴራሉ መንግሥት ላይ የወደቀ ዕዳ ነው፤ ማውጫውን ለሌላ በማስተላለፍ የሚሠረዝ አይደለም።

አንዳንድ ሰዎች፣ ልባቸው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ለአገር አስበው፣ «ድሃ አገር ባለ ሀብቱን በዋስትና ካስጨነቀው ማን ይመጣልናል» ይላሉ። የድህነታችንን ስፋት አውቃለሁ፤ የሥራ ፈላጊውንም ወጣት እንባ አልክድም። ነገር ግን ለጽዳት የሚሆን ገንዘብ ማስቀመጥ የማይችል ባለ ሀብት ትርፉ የሚመጣው ከችሎታው ሳይሆን ዕዳውን በእኛ ላይ ጥሎ በመሄዱ ነው፤ እንዲህ ያለው ደግሞ ባይመጣ ይሻላል። ከጊዜው በፊት የሚደረግ ልኬትም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጉድጓድ ከመከፈቱ በፊት የአፈሩን፣ የምንጩንና የአየሩን ጨረራ በመሣሪያ መለካትና መመዝገብ ማለት ነው፤ ይህ መዝገብ ከሌለ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ «ይህ ጨረራ ከጥንቱም የነበረ ነው» ለሚል ጠበቃ መልስ አይገኝም።

ይህ ለውጫሌ ሩቅ ወሬ አይደለም። የጂኦሎጂ ሊቃውንት የኢትዮጵያን የድንጋይ ከሰል ስፍራዎች ሲዘረዝሩ፣ ከጭልጋ፣ ከያዩና ከሙሽ ሸለቆ ጋር የውጫሌንም ስም ያነሣሉ፤ መንግሥትም በቅርብ ዓመታት ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከውጭ የሚያስገቡትን ከሰል በአገር ውስጥ ከሰል ለመተካት ሲደክም ቆይቷል። የድንጋይ ከሰል ዩራኒየምና ቶሪየም በጥቂቱ ይይዛል፤ ከሰሉ ሲቃጠል እነዚህ በአመዱ ውስጥ ቀርተው ይከማቻሉ። አንባቢን በከንቱ ማስፈራት አልፈልግም፤ በአብዛኛው የአመዱ ጨረራ ከተለመደው አለትና አፈር እጅግ የሚርቅ አይደለም። ሆኖም መጠኑ ከስፍራ ስፍራ ስለሚለያይ ሳይለካ «ምንም አይደለም» ማለት፣ ሳይለካ «አለቅን» ከማለት የተሻለ ዕውቀት አይደለም። ከጨረራውም ሌላ በተከፈተ የከሰል ጉድጓድ ውስጥ ያለው ድኝ ከውኃና ከአየር ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱም ብረታ ብረትን እያሟሟ ወደ ጅረት ይወርዳል። የሚሌ ወንዝ ከዚህ ደጋ ተነሥቶ በአፋር ምድር አቋርጦ ከአዋሽ ጋር ይገናኛል፤ በአምባሰል የሚደረግ ቸልታ ከሰሉን አይቶ የማያውቀውን፣ ከሮያሊቲውም ምንም የማይደርሰውን የአፋር ከብት አርቢ ሊጎዳ ይችላል። እንዲህ ያለ ጉዳት የክልልን ወሰን ስለሚሻገር፣ ፈቃዱን ማንም ይስጥ ማን፣ ከዋስትናው ኃላፊነት የፌዴራሉና የክልሉ ድርሻ በቁጥር ተለይቶ በፈቃዱ ወረቀት ላይ አብሮ መጻፍ አለበት። የጋናር ዝቃጭ የተማርንበት ይኸው ነው።

እንግዲህ በአምባሰልና በሐይቅ አካባቢ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ በተለይም በቀበሌና በወረዳ ስብሰባ ላይ ቃላችሁ የሚሰማ ሽማግሌዎች፣ መምህራንና ካህናት፣ ሼሆችም፣ የቁፋሮ ፈቃድ የያዘ ሰው ወደ አገራችሁ በመጣ ጊዜ ስለ ሥራ ዕድሉና ስለ መንገዱ ብቻ አትጠይቁት። ቁፋሮው ሳይጀመር የውኃችሁና የአፈራችሁ ልኬት እንዲነበብላችሁ፣ ጉድጓዱን የመዝጊያው ዋጋ ስንት እንደ ሆነ፣ ያም ገንዘብ በየትኛው ባንክ በማን ስም እንደ ተቀመጠ፣ ኩባንያው ቢከስር ከፌዴራሉና ከክልሉ መንግሥት ማን ስንት እንደሚከፍል በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ የዚያንም ጽሑፍ ግልባጭ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ብቻ ሳይሆን በእናንተም እጅ አኑሩት።